ላቬንደር ዘይት እንቅልፍ ያመጣል የምትሉ፣ እኔ ጋ ሲደርስ ለምን እምቢ አለ?

እንቅልፍ_ያጣች፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች፣ እኔ እንግዲህ የምትጽፉትን አንብበው ዝም ብለው ከሚወጡት ነኝ፣ ዛሬ ግን ሲብስብኝ ነው የጻፍኩት። እንቅልፍ ካጣሁ ሦስት ወር አለፈኝ። ማታ 4 ሰዓት ላይ እተኛለሁ፣ እተኛለሁ ስል አልጋ ላይ እወጣለሁ ማለቴ ነው እንቅልፉማ የት አለና፣ ስገላበጥ ስገላበጥ 7 ሰዓት 8 ሰዓት ይሆንና ጠዋት አላርሙ ሲጮህ ልክ ያኔ ነው እንቅልፍ የሚጥመኝ። ሥራ ቦታ ያለች ጓደኛዬ ዓይኔን አይታ ምን ሆነሻል አለችኝ፣ ነገርኳት፣ የላቬንደር ዘይት ግዢና ትራስሽ ላይ ጠብ አድርጊበት እንደ ሕፃን ነው የምትተኚው አለችኝ።

ገዛሁ። የመጀመሪያዎቹ አራት አምስት ቀናት እውነቴን ነው የምላችሁ ሠራልኝ፣ ደስ ብሎኝ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ሳወራ ነበር። ከዛ በኋላ ግን ምንም። ሽታው ራሱ አልሸት አለኝ። ሁለት ጠብታ የነበረውን አራት አደረግኩት፣ አራቱን ስምንት፣ ባለፈው እሁድ ደግሞ ተናድጄ ዲፊውዘሩ (ዘይትና ውሃ እንደ ጤዛ አየር ላይ የሚረጨው ማሽን) ውስጥ ወደ ሃያ ጠብታ ጨምሬ በርና መስኮት ዘግቼ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አደረ። ጠዋት ራሴን ለሁለት ሊሰነጥቀኝ ደርሶ ነው የተነሳሁት፣ ማቅለሽለሽም ነበረው። አንገቴ ላይ ደግሞ እንዲሁ ሳልቀላቅል ቀብቼው ቀይ ሽፍታ ወጥቶብኛል፣ ያሳክካል።

እና ጥያቄዬ፣ ይሄ ነገር እውነት ይሠራል ወይስ ወሬ ነው? የሚሠራ ከሆነስ ስንት ጠብታ ነው፣ ትራስ ላይ ነው ዲፊውዘር ነው ወይስ እግር ሥር መቀባት ነው? አንዷ ደግሞ ቪዲዮ ላይ አንድ ጠብታ በሞቀ ውሃ ጠጡት ስትል አይቻለሁ፣ ልጠጣው ወይስ ይቅርብኝ? የእንቅልፍ ኪኒን መጀመር ስለማልፈልግ ነው እንጂ እንዲህ አልጨቃጨቅም ነበር። ይሄን ስጽፍላችሁ ራሱ 9 ሰዓት ሊሆን ነው።

ጠርጣራው፦

እህቴ መልሱ አጭር ነው፣ ጥሩ መዓዛ ነው፣ በቃ። መጀመሪያ የሠራልሽ ተስፋሽ ነው፣ ተስፋው ሲያልቅ ዘይቱም ሥራ አቆመ። ዲፊውዘር ሻጮቹን ነው ያስተኛቸው። ብቻ እንዳትጠጪው።

ቅጠል_አሽታች፦

ጠርጣራው እንደ ልማዱ ነው ተዪው፣ ሙሉ በሙሉ ስህተት ባይሆንም። እኔ ይሄን ዘይት ብዙ ዓመት ተጠቅሜበታለሁ፣ ተሸውጄበታለሁም፣ ስለዚህ መጀመሪያ የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው፣ ብልቃጡ ላይ ምን ይላል? ላቬንደር ብቻ ካለ ምንም አልነገረሽም። ላቬንደር አንድ ተክል አይደለም፣ ብዙ ዓይነት አለው፣ ጠባያቸው ደግሞ የወንድማማች ያህል ይለያያል። ለእንቅልፍ የሚፈለገው ላቫንዱላ አንጉስቲፎሊያ የሚባለው ነው፣ አንዳንዱ ኦፊሲናሊስ ወይም ቬራ ብሎ ይጽፈዋል፣ ያው እሱው ነው። ላቫንዱላ ላቲፎሊያ የሚባለው ቅጠለ ሰፊው ደግሞ ካምፈርና ሲኒዮል የበዛበት ነው፣ ለጉንፋን ደረት ላይ የሚቀባውን ቅባት ሽታ አስቢው፣ አፍንጫ ይከፍታል እንጂ አያስተኛም። ሁለቱ ተዳቅለው የወጣው ላቫንዲን ይባላል፣ ብልቃጥ ላይ ኢንተርሚዲያ ወይም ሃይብሪዳ ተብሎ ነው የሚጻፈው። ያ በየፎቶው የምናየው የደቡብ ፈረንሳይ የፕሮቫንስ ሐምራዊ ማሳ አብዛኛው እሱ ነው። ዘር አይሰጥም፣ ከግንዱ እየቆረጡ ነው የሚተክሉት፣ ዘይት ግን ከአንጉስቲፎሊያ በጣም አብልጦ ይሰጣል፣ ስለዚህ ሳሙናውም የልብስ ማጠቢያውም ላቬንደር የሚሸተው ብዙውን ጊዜ በሱ ነው። መጥፎ ዘይት ሆኖ አይደለም፣ ሥራው ሌላ ነው።

ሽታውን ከጠባዩ ጋር የሚያገናኙት ሊናሎልና ሊናሊል አሲቴት የሚባሉ ሁለት ነገሮች ናቸው። ጥሩ አንጉስቲፎሊያ ውስጥ ሁለቱ ሲደመሩ ከግማሽ በላይ ይሆናሉ፣ ካምፈሩ አንድ ፐርሰንት አካባቢ ወይ ከዛ በታች ነው። ላቫንዲን ላይ ካምፈሩ 6ም 8ም ፐርሰንት ሊሆን ይችላል። አንቺ ሃያ ጠብታ ላቫንዲን ዘግተሽበት ካደርሽ ራስሽ ባያምሽ ነው የሚገርመኝ።

ሌላው ደግሞ ከናካቴው ዘይቱ ከአበባ ያልወጣ ሊሆን ይችላል። ፐርፊዩም ኦይል ወይም ፍራግራንስ ኦይል የሚል ቃል ካየሽበት በፋብሪካ የተቀመመ ሽታ ነው። ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ጣይና ለነገ ተዪው፣ ቅባት ሆኖ ምልክቱ ከቀረ በሌላ ዘይት የተበረዘ ነው፣ ንጹሑ በኖ ነው የሚጠፋው። ይሄ ግን በቅባት ዘይት የተቀላቀለውን ብቻ ነው የሚያጋልጥልሽ፣ ሰው ሠራሽ ሊናሎል የጨመረበትን ወረቀት አይይዝልሽም። ያን የሚይዘው ጂሲ ኤምኤስ የሚባለው የላብራቶሪ ምርመራ ነው፣ ደህና አምራች ውጤቱን በየምርት ቁጥሩ ያወጣል። የላቲን ስም፣ የምርት ቁጥር፣ ከየትኛው አገር እንደመጣ፣ ጠቆር ያለ ጠርሙስ፣ እነዚህ የሌሉበትን እኔ አልነካም። ፕላስቲክ ጠርሙስ ካየሁማ ዞሬም አላይ።

የመድኃኒት_ቤቷ፦

እኔ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው፣ ሐኪምሽ ግን አይደለሁም፣ እንደ እህት ነው የምነግርሽ።

መጀመሪያ አንገትሽ። ዘይቱን ሳታቀጥኚ ቆዳ ላይ ማድረግ አቁሚ፣ ሽፍታው እስኪጠፋ በምንም መልኩ ቆዳሽን አታስነኪው፣ እየሰፋ ከሄደ ወይ ውሃ ከቋጠረ ሐኪም አሳዪው። ብዙ ሰው ተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም ይላል፣ ግን ሊናሎል አየር ሲያገኘው ይለወጥና አለርጂ የሚቀሰቅስ ነገር ይሆናል፣ ስለዚህ ክዳኑ ላላ ብሎ ፀሐይ ላይ የከረመ ብልቃጥ ከአዲሱ ይልቅ ቆዳ ያስቆጣል። ከፍተሽ ሁለት ሦስት ዓመት ካለፈው ለቆዳ አትጠቀሚበት። ወደፊት መቀባት ከፈለግሽ በጆጆባ ወይ በኮኮናት ዘይት አቅጥኚው፣ ለ30 ሚሊ ሊትር ስድስት ጠብታ ብታደርጊ 1 ፐርሰንት ገደማ ነው፣ አሥራ ሁለት ብታደርጊ 2 ፐርሰንት፣ ከዛ በላይ አያስፈልግሽም። መጀመሪያ ክንድሽ ላይ ትንሽ ቀብተሽ አንድ ቀን ጠብቂ። በነገራችን ላይ ሃያ ጠብታ ማለት 1 ሚሊ ሊትር ማለት ነው፣ ጠብታ ሲባል ትንሽ ይመስላል እንጂ ንጹሕ ዘይት ነው፣ አንድ ኪሎ ዘይት ለማውጣት ከመቶ ኪሎ በላይ አበባ ነው በእንፋሎት የሚጣራው።

ዲፊውዘሩ ውስጥ ለ100 ሚሊ ውሃ ከሦስት እስከ አምስት ጠብታ፣ ከመተኛትሽ በፊት ግማሽ ሰዓት ግፋ ቢል አንድ ሰዓት፣ በሩን ገርበብ አድርገሽ፣ ከዛ አጥፍተሽው ተኚ። ሽታው አልሸት አለኝ ያልሽው ዘይቱ ስላለቀ አይደለም፣ አፍንጫ አንድ ሽታ ላይ ሲቆይ ይለምደውና መንገር ያቆማል። አንቺ ሳይሸትሽ ሲቀር ጨመርሽ፣ ክፍሉ ውስጥ ያለው ግን እየበዛ ነበር። አስም ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ካለ ጭራሹንም አይደረግም።

መጠጣት የሚባለውን ደግሞ እርሺው። ዘይት ከውሃ ጋር አይዋሃድም፣ ጠብታው እንዳለ ይንሳፈፍና አፍሽንና ጉሮሮሽን ነው የሚያቃጥልሽ። ሰዎች የሚያምታታቸው በአፍ የሚወሰድ የላቬንደር ካፕሱል ስላለ ነው። እሱ ሲሌክሳን የሚባል ተመጥኖ የተዘጋጀ ዘይት ነው፣ 80 ሚሊ ግራም፣ በተለይ ጀርመን ውስጥ ብዙ ተጠንቷል። በ2010 የታተመ አንድ ጥናት ላይ 221 ሰዎች ግማሾቹ እሱን ግማሾቹ ባዶ ካፕሱል ለ10 ሳምንት ወስደው ጭንቀታቸው ከባዶው የተሻለ ቀንሷል፣ እንቅልፋቸውም አብሮ ተሻሽሏል። የጎንዮሽ ጉዳቱ ብዙ ጊዜ ግሳት ነው፣ ላቬንደር ላቬንደር የሚል ግሳት፣ አትሳቁ እውነቴን ነው። ያ ግን ከአንቺ ብልቃጥ ጋር አይገናኝም። የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ የላቬንደር ዘይትን ለቀላል የአእምሮ ውጥረትና እንቅልፍን ለማገዝ ብሎ የመዘገበው በቆየ አጠቃቀሙ ነው፣ በጠንካራ ማስረጃ ነው አላለም። የእንቅልፍ ወይ የጭንቀት መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ፣ ወይ እርጉዝ ከሆንሽ፣ ካፕሱሉንም ሳትጠይቂ አትጀምሪ።

እና አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ፣ በሳምንት ስንት ቀን ነው እንቅልፍ የሚከለክልሽ? በሳምንት ሦስት ሌሊትና ከዛ በላይ ሆኖ ሦስት ወር ከቆየ ሐኪሞች ሥር የሰደደ እንቅልፍ ማጣት የሚሉት እሱን ነው፣ ያ ደግሞ በመዓዛ ብቻ የሚለቅ ነገር አይደለም።

ጠርጣራው፦

የመድኃኒት ቤቷ ለተናገረችው ባርኔጣዬን አነሳለሁ፣ ግን የማሽተቱን ጥናት ዘለልሽው። ካፕሱል ባዶና ሙሉ አድርገሽ ሰውን ማታለል ትችያለሽ፣ ሽታን ግን እንዴት አድርገሽ ነው የምትደብቂው? ላቬንደር የደረሰው ሰው ላቬንደር እንደደረሰው አፍንጫው ይነግረዋል፣ ውሃ የደረሰው ደግሞ ውሃ እንደሆነ ያውቃል። ከዛ ተሻለህ ወይ ብለሽ ብትጠይቂው ምን ይልሻል? ብዙዎቹ ጥናቶች ደግሞ ጥቂት ሰው ላይ ለጥቂት ቀን የተሠሩ ናቸው።

የመድኃኒት_ቤቷ፦

ልክ ነህ ወንድሜ፣ ድክመቱ እሱ ነው፣ አልክድም። ግን ሁሉም ነገር ግምት ነው ማለትም አይቻልም። ጃፓን የካጎሺማ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በ2018 ያወጡት የአይጥ ሥራ አለ፣ አይጦቹ የሊናሎል ሽታ ሲሸታቸው ፍርሃታቸው ቀነሰ፣ የማሽተት አቅማቸው የጠፋባቸው አይጦች ላይ ግን ምንም አልሠራም። የቫሊየም ዓይነት ጭንቀት የሚያረጋጋ መድኃኒት አእምሮ ውስጥ የሚሠራበትን ቦታ የሚዘጋ ነገር ሲሰጧቸውም ሽታው መሥራቱን አቆመ። ማለት በአፍንጫ በኩል ወደ አእምሮ የሚሄድ መንገድ አለው፣ አይጥ ደግሞ ማስታወቂያ አታይም። ከአይጥ ተነስቶ ለሰው እንቅልፍ ይሰጣል ማለት ግን አይቻልም፣ እዚህ ላይ ካንተ ጋር ነኝ።

ሁለት_ድመት፦

ይቅርታ ጣልቃ ልግባና፣ ቤትሽ ድመት አለ? ካለሽ ዲፊውዘሩን አሁኑኑ አጥፊው። የድመት ጉበት እነዚህን ዘይቶች ሰባብሮ የሚያስወጣበት አቅም በጣም ደካማ ነው፣ እኛን የማይነካን እሷ ላይ ይጠራቀማል። የእኔዋ አንድ ቀን የተረፈ ዘይት ያለበትን ጥጥ ረግጣ እግሯን ስትልስ ቆይታ ምራቋ ይዝረከረክ ጀመር፣ ስትሄድ ትንገዳገዳለች፣ በሌሊት ነው ይዤያት የሮጥኩት። ተረፈች ግን ከዛ ወዲህ ቤቴ ምንም ዓይነት ዘይት አይገባም። ጸጉሯ ላይም የዲፊውዘሩ ጤዛ ያርፍና ስትልሰው ወደ ሆዷ ይገባል፣ ይሄን ማንም አልነገረኝም ነበር።

እንቅልፍ_ያጣች፦

ወይኔ፣ ድመት አለችኝ። እሁድ ለት እሷም እዛው ክፍል ነበር ያደረችው፣ ደህና ናት ትበላለች ትጫወታለች፣ ግን ደነገጥኩ። ካሁን በኋላ መኝታ ቤት አትገባም። ለጥያቄሽ የመድኃኒት ቤቷ፣ በሳምንት አምስት ቀን ይሆናል፣ ቅዳሜና እሁድ ይሻለኛል፣ ግን ያኔ እስከ ረፋድ ስለምተኛ ነው። ብልቃጡን ነገ በብርሃን አየዋለሁ፣ ጽሑፉ እንደ ጉንዳን ነው።

የልጅ_እናት፦

እኔም በዚሁ ልጠይቅ፣ የስምንት ወር ልጄ ሌሊት ትነቃለች፣ ፒጃማዋ ላይ አንድ ጠብታ ብቻ ባደርግላት ምን ይላል?

የመድኃኒት_ቤቷ፦

ኧረ እታለም አታድርጊው። በዚህ ዕድሜ ሽታው ራሱ የአየር ቧንቧዋን ሊያስቆጣ ይችላል፣ ልብሷ ላይ ያለውን ደግሞ ወደ አፏ ትወስደዋለች። ስምንት ወር ላይ ሌሊት መንቃት ያለ ነገር ነው። ብልቃጡንም ከፍ ያለ ቦታ ቆልፈሽ አስቀምጪ፣ ሕፃን ከዋጠው ትልቁ አደጋ ወደ ሳንባ መግባቱ ነው፣ ስለዚህ ምንም ቢሆን ለማስመለስ አትሞክሪ፣ ይዘሽ ወደ ሕክምና ነው።

መዓዛ_ወዳጅ፦

ይሄን ያህል ማስፈራራት ምንድነው ግን? አሮማቴራፒን፣ በመዓዛ ዘይት ማከምን ማለቴ ነው፣ የጀመረው ፈረንሳዊ ኬሚስት እኮ እጁ ተቃጥሎ አጠገቡ ያገኘው የላቬንደር ዘይት በርሜል ውስጥ ሲነክረው ወዲያው ነው የዳነው፣ ጠባሳ እንኳን አልቀረበትም። እኔ ሳላቀጥን ነው የምቀባው፣ ምንም ሆኜ አላውቅም።

ቅጠል_አሽታች፦

ያ ታሪክ ሲዞር ሲዞር ነው እንዲህ ያማረው። ሬኔ ሞሪስ ጋትፎሴ ይባላል፣ በ1910 ላብራቶሪው ውስጥ ፍንዳታ ነው የተነሳው፣ እሳቱን ያጠፋው ሣር ላይ ተንከባሎ እንደሆነ ራሱ ጽፏል፣ በርሜል የሚባል ነገር የለም። ቁስሉ በኋላ ሲመረዝበት ነው በላቬንደር ዘይት ያጠበው፣ እሱም ያው ቁስል ነው፣ እንቅልፍ አይደለም። አሮማቴራፒ የምትለውን ቃል መጽሐፍ ላይ ያወጣት በ1937 ነው። አንቺን እስካሁን አልነካሽም ማለት ነገም አይነካሽም ማለት አይደለም፣ የቆዳ አለርጂ እየተጠራቀመ ነው የሚመጣው፣ አንድ ቀን ብድግ ይልና ከዛ በኋላ ሽታው ያለበትን ሻምፑ ሁሉ ይከለክልሻል።

ገንዳ ውስጥ በቀጥታ የምትጨምሩም ተዉት፣ ላዩ ላይ ይንሳፈፍና የተቀመጣችሁበትን ቆዳ ነው የሚያገኘው፣ መጀመሪያ ዘይት ውስጥ አቅጥኑት፣ ያኔም መውጫው ላይ እንዳያንሸራትታችሁ።

የሌሊት_ሽፍት፦

እኔ በሽፍት የምሠራ ሰው ነኝ፣ እንቅልፍ ሲባል ሞኝ ሆኜበት አውቃለሁ። ከሁሉም ይልቅ አንድ ያልሽው ነገር ነው ዓይኔን የሳበው፣ 4 ሰዓት ተኝተሽ እስከ 8 ሰዓት ትገላበጫለሽ። አራት ሰዓት ሙሉ አልጋው ላይ ነቅተሽ! ያ አልጋ እኮ አሁን የመተኛ ቦታ አይደለም፣ የመጨነቂያ ቦታ ሆኗል፣ ገና ስትወጪበት ሰውነትሽ ይነቃል። እኔም እንደዛ ሆኜ ሶፋ ላይ ድብን ብዬ የምተኛው ሰውዬ አልጋዬ ላይ ስወጣ ዓይኔ እንደ ፋኖስ ቦግ ይል ነበር።

የረዳኝ የእንቅልፍ ሐኪም ያስተማረችኝ ነገር ነው፣ ቡትዚን የሚባል ሳይኮሎጂስት በ1972 ያወጣው ዘዴ ነው አሉኝ። እንቅልፍ ካልመጣ ሃያ ደቂቃ ገደማ ሲሆን ትነሻለሽ፣ ሰዓት ሳታዪ በግምት ነው፣ ሌላ ክፍል ደብዘዝ ያለ መብራት ላይ አሰልቺ ነገር ታደርጊያለሽ፣ ዓይንሽ ሲከብድ ትመለሻለሽ፣ ካልሆነ እንደገና ትነሻለሽ። ጠዋት ደግሞ የፈለገ ቢሆን፣ ቅዳሜም እሁድም፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት መነሳት። የመጀመሪያው ሳምንት ሲኦል ነው አልዋሽሽም፣ ሁለት ቀን መኪና እንኳን መንዳት ፈርቼ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ግን ሰውነት እጅ ይሰጣል። አንቺ ቅዳሜ እስከ ረፋድ መተኛትሽ ነው እሁድ ማታን የሚበላብሽ፣ ለዛ ነው እሁድ ሃያ ጠብታ ላይ የደረስሽው።

እና ዘይቱን አልጠላውም፣ እኔም አለኝ። ግን አልጋ ላይ ለመንከባለል ሳይሆን ከመተኛቴ አንድ ሰዓት በፊት፣ ስልኩን ሳሎን አስቀምጬ፣ ፊቴን ስታጠብ፣ ጥጥ ላይ አንድ ጠብታ፣ ሁልጊዜ በዛችው ሰዓት። ሌላ ጊዜ ቀን ላይ አላሸትም። አሁን ሽታዋ ስትመጣ ትከሻዬ ራሱ ይወርዳል፣ ላቬንደሩ ይሁን ልማዱ እኔ እንጃ፣ ብርቱካን ብትሆንም ኖሮ ይሄን ያህል ጊዜ ባለማምዳት የምትሠራ ይመስለኛል። ሽታ ከትዝታ ጋር ቶሎ ነው የሚጣበቀው።

ጠርጣራው፦

በርትተሃል፣ እኔ ስናገር ፕላሴቦ፣ የተስፋ ፈውስ፣ ይባላል አንተ ስትናገር ልማድ ይባላል ሃሃሃ።

የሌሊት_ሽፍት፦

ካስተኛኝ ስሙን አንተ አውጣለት።

የመድኃኒት_ቤቷ፦

የሌሊት ሽፍት የነገረሽ ዘዴ ሲቢቲ አይ የሚባለው፣ ያለ ኪኒን የእንቅልፍ ሐሳብንና ልማድን የሚያስተካክለው ሕክምና አንዱ ክፍል ነው፣ የአሜሪካ የሐኪሞች ኮሌጅ በ2016 ለሥር ሰደድ እንቅልፍ ማጣት ከኪኒን በፊት መጀመሪያ እሱ ይሞከር ብሏል። ኪኒን አልፈልግም ስላልሽ ጠይቂው። በተጨማሪ ከቀትር በኋላ ቡና የምትጠጪ ከሆነ ካፌይን በሰውነት ውስጥ ግማሹ ለመውጣት ብቻ አምስት ስድስት ሰዓት ይፈጅበታል፣ 11 ሰዓት ላይ የጠጣሽው 4 ሰዓት ላይ ግማሹ ገደማ አብሮሽ አልጋ ላይ ይወጣል። ሲያንኮራፋሽ ትንፋሽሽ ቁርጥ እያለ ከሆነ ወይ እግርሽ ማታ ማታ ዝም ብሎ የሚያቅበጠብጥሽ ከሆነ ደግሞ ይሄ ሁሉ አይመለከተውም፣ መመርመር አለብሽ።

እንቅልፍ_ያጣች፦

ተመለስኩ፣ ሦስት ሳምንት ሆነኝ መሰለኝ። መጀመሪያ ብልቃጡ፣ ቅጠል አሽታች ጠንቋይ ነህ ወይ፣ በስልኬ ፎቶ አንስቼ አተልቄ ሳየው ላቫንዱላ ሃይብሪዳ ይላል። ጓደኛዬ ጋ ያለውን አየሁት አንጉስቲፎሊያ ነው፣ ከሷ ትንሽ በጥጥ ተቀበልኩ፣ ጎን ለጎን ሲሸቱ ደግሞ ለየቅል ናቸው፣ የኔው ስለት አለው አፍንጫ ይወጋል፣ የሷ ለስለስ ጣፈጥ ይላል። ለካ እስካሁን ራሴን ለማንቃት ስደክም ነበር።

ሽፍታው በአንድ ሳምንት ጠፋ። ዲፊውዘሩን ካርቶኑ ውስጥ መልሼዋለሁ በድመቷ ምክንያት፣ አሁን ጥጥ ላይ አንድ ጠብታ ነው፣ ክዳን ባላት ትንሽ ጣሳ ውስጥ አድርጌ ከፍቼ አሸትና እዘጋታለሁ፣ መታጠቢያ ቤት ነው የማስቀምጣት።

እንቅልፉ እንግዲህ፣ የመነሳቱን ነገር ሞከርኩት፣ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ቀን የሌሊት ሽፍትን ስረግም ነበር ይቅር በለኝ። ሳሎን ቁጭ ብዬ የማጠቢያ ማሽን መመሪያ ያነበብኩበት ሌሊት አለ፣ ከዳር እስከ ዳር። ከዛ እየመጣ ነው፣ አሁን 4 ሰዓት መተኛቱን ትቼ 5 ሰዓት ተኩል ሲሆን ነው የምወጣው፣ ብዙውን ቀን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይወስደኛል። ባለፈው ሐሙስ ግን እንደገና እስከ 8 ሰዓት አፈጠጥኩ፣ በነገታው ስብሰባ ነበረብኝ። ቀጠሮም ይዣለሁ ሐኪም ጋ፣ ስለ ሲቢቲውም እጠይቃለሁ። ላቬንደሩ ምን ያህሉን ሠራ ብትሉኝ አላውቅም፣ ጣሳዋን ስከፍታት ግን ደስ ይለኛል።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ፣ ያ ላቫንዲን ብልቃጥ ሦስት አራተኛው አለ፣ ልድፋው?

ቅጠል_አሽታች፦

አይደፋም! ጥጥ ላይ ሁለት ጠብታ አድርጊና የሱፍ ልብስ ያለበት መሳቢያ ጥግ ላይ ወሽቂው፣ ብል ይጠላዋል። ጥጡ ልብሱን እንዳይነካ በትንሽ ጨርቅ ቋጥሪው፣ በየወሩ አድሽው፣ መሳቢያውንም ድመቷ ከማትከፍተው ምረጪ።

ሁለት_ድመት፦

ድመት የማትከፍተው መሳቢያ ካገኘሽ እኔንም ንገሪኝ።